በስሟ ጥሪያት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? የሞጣ ብርድ እንደማይለቅሽ ስለማውቅ ጋቢ ልኬልሻለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለቴ እንኳ ለወጉ ነው፤ ልጄ ሰሎሜ ለፋሲካ አያቴ ዘንድ አልሄድም ብላ አልቅሳለች። በስልክ እንዳልነግርሽ ከጎኔ አትጠፋም። ነገሩን ላጫውትሽ፣ ግን አትቆጪኝ።

እዚህ ቢቸና ትምህርት ቤታቸው አሮጌ የፈረንጅ የልጆች መጻሕፍት በስጦታ መጥተውላቸው ነበር። መምህር ባንተአምላክ አንዱን በአማርኛ እየፈታ ሲያነብላቸው ሥዕል ላይ ይደርሳል። አንድ ጥቁር ሰው ነው፤ ከንፈሩ ፊቱን ሞልቶት፣ ሣር አገልድሞ፣ ተንበርክኮ ነጩን ልጅ ጌታዬ ይላል። ልጆቹ ታዲያ ባንድ አፍ ሰሎሜ ናት አይሉ መሰለሽ!

መምህሩ ላይ እንደ ጉድ ልወርድበት ሄድኩ። ምን ያደርጋል፣ እሱን ከእኔ ብሶ አገኘሁት። በማግስቱ ልጆቹን ሁሉ ክንዳቸውን ከሥዕሉ አጠገብ አስዘርግቶ፣ ይህን የሣለ ሰው እናንተን ቢሥል በየትኛው ቀለም ይሥላችሁ ነበር ብሎ ጠየቃቸው። የጎረቤታችን የፋንታ ልጅ ደረቱን ነፍቶ እኔማ ቀይ ነኝ አለ። መምህሩም፣ በዚያ አገር ቀይ የሚባለው ፀሐይ የለበለበው ፈረንጅ ነው፤ ቀይ ዳማውም ጠይሙም እዚያ ሲደርስ አንድ ነው፤ በዚህ ሥዕል የተሰደብነው ሁላችንም ነን አላቸው። የፋንታ ልጅ ክንዱን በሹራቡ እጅጌ ሸፈነ።

ከልጆቹስ ታርቃለች። ያልታረቀችው ካንቺ ጋር ነው። ትናንት ጸጉሯን ስጎነጉናት፣ አያቴም ያንን መጽሐፍ አንብባለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዳዊትሽ በቀር መጽሐፍ እንደማትገልጪ እያወቀች!

እምዬ፣ ሻንቅላዬ የምትያት ከፍቅርሽ ብዛት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ከልጅ ልጆችሽ ሁሉ እሷን እንደምታስበልጪ አገር ያውቃል። እኔንም ቀዮ እያልሽ ስታሳድጊኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሰሎሜ ግን ቁርጥ አንቺን ናት፤ መልኳም፣ ሳቋም። አንቺን በልጅነትሽ ምን እያሉ ይጠሩሽ እንደነበር አልጠይቅሽም።

እባክሽ አንድ ቀን ደውለሽ ሰሎሜ በያት። በስሟ ከጠራሻት፣ እኔ አውቃታለሁ፣ ለፋሲካ ቀድማኝ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች።

ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ፤ አፍሽን ለምርቃት ያኑርልን።

ቀዮ ያልሽኝ፣
ጥቁሯ ልጅሽ