ጋሽ ቴስተርን ያናገረችው ሶኬት

ጋሽ ቴስተር እየተባሉ የሚጠሩት ታላቅ ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች በኩሩ እሳቸው ነበሩ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው በ1968 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ።

ሠላሳ አምስት ዓመት በየቤቱ ሽቦ ሲዘረጉ ኮረንቲ መኖሩን የምታሳያቸው ቴስተራቸው ከደረት ኪሳቸው ተለይታ አታውቅም፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። ማንኛውንም መብራት ሦስት ጊዜ አብርተው አጥፍተው ሳይሞክሩ ሥራ አያስረክቡም። በ1974 ዓ.ም. ነርሷን ባለቤታቸውን ሲያገቡ «ሙሽራው የት ገባ?» ተብሎ ሲፈለጉ፣ የአዳራሹን ማብሪያ ማጥፊያ ሲሞክሩ ተገኙ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ2003 ዓ.ም. ከመሰላል ወድቀው አንጎላቸው ክፉኛ ተጎዳ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ዓይናቸው ቢገለጥም ሰው አይለዩም፣ አይናገሩም ነበር። አንጎል ሲጎዳ የሕዋሳቱ ስብርባሪ ወደ ደም ስለሚገባ፣ በየሳምንቱ ደማቸው እየተቀዳ የስብርባሪው መጠን ይለካ ነበር። ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው፣ የአራት ልጆች እናት፣ ያን ጊዜ ፊደል ባትለይም ቁጥር ታውቅ ስለነበር፣ ልኬቱ በቀነሰ ቁጥር ያገኘችውን ነርስ ሁሉ ታቅፍ ነበር። ሐኪሙ ግን «እህቴ፣ ይህ ጉዳቱ መቆሙን ነው የሚነግረን፤ መንቃታቸውን አይነግረንም» አሏት። ስለዚህ ጭንቅላታቸው ላይ በሚያርፍ የማግኔት መሣሪያ አንጎላቸውን በየቀኑ መቀስቀስ ተጀመረ። በሃያ ቀን ለውጥ ካልታየ ሊቆም ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እህታቸው ፊታቸውን በሞቀ ውኃ ላጥባቸው ብላ የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ አምጥታ መሣሪያው በተሰካበት ሶኬት ላይ ሰካችው። «ሌላ ነገር አትሰኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ኖሯል፤ ለእሷ ግን ጌጥ ነበር። ክፍሉ ድርግም አለ። የመሣሪያው ባለሙያ «ማነው የሰካው?» ብለው ሲጮኹ፣ ከአልጋው ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦ «በአንድ ሶኬት… ሁለት… አይሰካም።» ሐኪሙ ሲሰሙ «የማግኔቱ ሥራ ነው ወይስ የማፍያው?» ብለው ሳቁ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንም።

ከዓመት ልምምድ በኋላ በከዘራ ቆሙ። ቀኝ እጃቸው እንደ ቀድሞው ባይሆንም ጨዋታቸው አልጎደለም፤ «ዕድሜ ልኬን ከኮረንቲ ስሸሽ ኖሬ፣ በስተርጅና ጭንቅላቴ ላይ ቀጠሉልኝ» ይሉ ነበር። እህታቸውንም «ማስጠንቀቂያ ማንበብ እስክትችዪ ቤቴ ውስጥ ሶኬት እንዳትነኪ» ብለው፣ ደብተር ገዝተው የጎልማሶች ትምህርት አስገቧት።

በመጨረሻ ልባቸው ደክሞ ሲታከሙ ቆዩ። ባለፈው ሳምንት እህታቸው የመድኃኒታቸውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ስታነብላቸው አዳምጠው፣ «በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተፈቅዶልሻል» አሏት። ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ወንድም እህቶቻቸው አለን።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን መብራት በማይጠፋበት ቤት ያሳርፍልን። እሳቸው ግን ሦስት ጊዜ ሳይሞክሩት አይቀመጡም።