መጨረሻ ከጀልባዋ የወረደው

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአበባው፤

ያ የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎ ይዞሃል? እኛስ ክረምቱ በሰላም ወጥቶልን ጥቅምትን ይዘናል። ከአጥሩ ባሻገር ያለው ገብስ እንደ ደረሰ ከሽታው አውቄዋለሁ። በስልክ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ ስንባባል ድምፁ ይቆራረጥና ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል። ስለዚህ ሾፌሩ አሸናፊ ወደ እናንተ ሊወርድ መሆኑን ስሰማ ሚስትህን መክሊትን ወረቀት አምጪ አልኳት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

የማጫውትህ ስለ ፊልም ነው። አትሳቅ። ቅኔ ሲያስተምር የኖረ፣ በስተርጅና ደግሞ ዓይኑ የጠፋ ሰው ከፊልም ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣ መክሊት ያንን ትተኸው የሄድከውን ኮምፒውተር ትከፍታለች። እኔን አክብራ ድምፁን ዝቅ ታደርገዋለች። ሰኔ ላይ አንድ እሁድ ጆሮዬን ስጥል አውሬ በሰው አፍ ሲያወራ ሰማሁ። ምንድን ነው ብላት ዝጊው ያልኳት መስሏት ደነገጠች። «ተይው፣ ይልቅስ ንገሪኝ» አልኳት።

የካርቱን ፊልም ነው አለችኝ፤ የተሣለ ታሪክ። አንዲት ጃርት ጨረቃ የት እንደምታድር ለማየት አገሯን ለቃ ትሄዳለች። ጃርቷን ተውኩና ሥዕሉን ያዝኩ። ሥዕል እንዴት ይሄዳል? መክሊት ስታስረዳኝ፣ አንዱ ሥዕል ላይ የጃርቷ እግር መሬት ነክቷል፣ በሚቀጥለው ትንሽ ተነሥቷል፣ በሌላው ደግሞ ከፍ ብሏል፤ እንዲህ እየተባለ ስፍር ቁጥር የሌለው ይሣልና ቶሎ ቶሎ ሲያልፍ ዓይን ይታለላል። ያን ጊዜ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። በተማሪነቴ ጧፍ ይዤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አጠገብ ስሮጥ የጊዮርጊስ ፈረስ እግሩን ሲያነሣ አይቼ ነበር። ኃጢአቴ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ።

ጃርቷን መንገድ ላይ የሚያስታት አንድ ቀበሮ አለ። ስንት ዓይን ነው የሚታየው ብዬ ጠየቅኋት። መክሊት የሐዋሳ ልጅ ናትና አልገባትም። በእኛ ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያይሃል፣ ክፉው ግን በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው አልኳት። አየችና ሁለት ነው አለች፤ እንዲያውም ከጃርቷ ዓይን ያምራል።

«እንግዲያ ሰው ክፉውን በምን ይለየዋል?»

«እስኪያደርግ ይጠብቃል፣ አባባ።»

ይህችን መልስ ሳምንቱን ሙሉ ሳመነዥካት ሰነበትኩ።

ከዚያ ወዲህ አብረን እናያለን። አዎ፣ እናያለን ነው የምለው። አንተ ከሄድክ ጀምሮ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት አደሩ፣ እንዴት ዋልሽ ከመባባል አልፈን አናውቅም ነበር። እሷ ታፍራለች፣ እኔም የማወራት አላገኘሁም። መጀመሪያ ላይ ስትነግረኝ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ ብቻ ነበር። እኔም ምን ለብሷል፣ ሰማዩ ዳምኗል ወይ፣ በሩ የእንጨት ነው የቆርቆሮ እያልኩ ነዘነዝኳት። አሁን ሳልጠይቃት ሰውየው ጫማው ጭቃ መንካቱን ሳይቀር ትነግረኛለች።

ከመስቀል በኋላ ጥንት የተሠራ ፊልም ከፈተች። ቀለም የለውም፣ ሰዎቹም አይናገሩም፤ ከፒያኖ በቀር አንዳች አይሰማም። እንግዲህ አስበው፤ እንዲህ ያለው ፊልም ከመክሊት አፍ ካልወጣ ለእኔ የለም።

ባሏ ወንዝ ተሻግሮ ለሥራ የሄደ ሴት ናት። ጀልባ በመጣ ቁጥር ወደ ወንዙ ትወርዳለች። እኔ ዓባይን አደረግሁት፣ ሌላ ትልቅ ወንዝ አላውቅም። በመጨረሻ ክረምቱ ሲገባ አንድ ጀልባ መጣች። መክሊት የሚወርዱትን አንድ በአንድ ትነግረኛለች፤ ዶሮ የታቀፈች ሴት፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች እናት። ከዚያ ዝም አለች። ፒያኖው ብቻውን ሄደ።

«መጣ» አለችኝ በመጨረሻ። «መጨረሻ የወረደው እሱ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።»

እኔም ደስ ብሎኝ ተመስገን አልኩ።

በሳምንቱ ጎረቤታችን አይናዲስ ልትጠይቀን መጣች። ያንን ፊልም አሞግሼላት ስለነበር ካላየሁት አለች። መክሊት ሌላ ልክፈት ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ እሱን ያልኩት። ሲያልቅ አይናዲስ ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት።

ሰውየው በደህና ገብቶ ምን ያስለቅስሻል አልኳት።

«የት ገባና፣ የኔታ?» አለች። «መጨረሻ የወረደው ቀዛፊው እኮ ነው።»

ሳልጠይቃት መክሊት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አየሁት፣ አባባ» አለችኝ። «ግን በአፌ ልለው አልቻልኩም።»

አልተቆጣኋትም። እስኪ እንዳለው ንገሪኝ አልኳት። ጀመረች። ዶሮ የታቀፈችው ወረደች፤ ሽማግሌው ወረደ፤ ልጅ ያዘለችው ወረደች። ቀዛፊው ጀልባዋን ከግንድ ጋር አሠረ። ሴቲቱ ቀረብ ብላ የሆነ ነገር ጠየቀችው። እሱም የለም ሲል ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ አይናዲስ እቅፍ ስታደርጋት የነጠላውን ኮሽታ ሰማሁ።

ልጄ፣ የአውቶቡስ ጡሩምባ ከመናኸሪያ ሲሰማ የመክሊት እግር ግቢው ውስጥ ቀጥ ይላል። ሁልጊዜ እሰማው ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ የቀበሮውን ዓይን የጠየቅሁት እኔ።

ለፋሲካ አልክ፣ ለመስቀል አልክ። ሥራው አልለቅህ ማለቱን አምናለሁ። አንተ ስትደውልላት ሁሉ ደህና ነው ትልሃለች፤ ለእኔም ባልየው መጣ ብላኝ ነበር። አሁን ይህን ሳስጽፋት ብዕሯ ቆሟል። ጻፊ ብያታለሁ።

ና።

ሌላ የምጨምረው የለም። ጦብያን መርቶ አባቱ ቤት ያስገባው ቅዱስ ሩፋኤል በመንገድህ ሁሉ ይቅደምልህ። ከባሕር ነፋስ፣ ከብረት፣ ከክፉ ባልደረባ ይሰውርህ። የላብህን ፍሬ በቤትህ ቁጭ ብለህ ለመብላት ያብቃህ።

አባትህ፣
መሪጌታ ወልደ ገብርኤል

አበባው፣ አባባ ያሉትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ። «ና» ያሉትን ግን ሁለት ጊዜ ቁጠረው።
መክሊት