የሚቃጠሉት ፋይሎችና የኤርጎ ዕድሜ

ጂንካ፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመዝገብ ማሻሻያ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማይደክመው ቀይ እስክሪብቶዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እስከ ዓምና ድረስ በመዝገብ ቤታችን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ፋይል ነበረው። የአንዱ ሦስት ወረቀት፣ የሌላው ሠላሳ፤ በቤቱ የሆነው ሁሉ እንደሆነው ይቀመጥበት ነበር። እርስዎ በምትኩ ሦስት መዝገቦች አመጡልን፤ የሰዎች፣ የልደትና የሞት። ዓምዶቻቸው እኩል፣ እርስ በርሳቸው በቁጥር የተያያዙ። አዲስ አበባ ያለው ኮምፒዩተር ከዚህ ሌላ እንደማይቀበልም በትዕግሥት አስረዱን።

1ኛ/ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። የገዘር አካባቢን ቤተሰቦች መቁጠር ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር፤ ዛሬ ለምሳ ሳልወጣ እጨርሳለሁ። ስንት ናቸው ለሚል ጥያቄ መዝገብዎ አቻ የለውም። ማን ነው ለሚለው ግን ዓምድ አልተሰመረለትም።

2ኛ/ ስለ እርማቱም አመሰግናለሁ። ዶላሞ የሚባል የሐመር ሰው በ1952 ሞተ። በአገሩ ወግ ሚስቱ ከሟች ወንድም የምትወልደው ልጅ የሟቹ ልጅ ነው፤ በ1964 የተወለደው ኤርጎም ስለዚህ ኤርጎ ዶላሞ ተባለ። አሮጌው ፋይል ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ሽማግሌዎች በጣታቸው ፈርመውበት ይዞታል። መዝገቦቹ በቁጥር ሲገናኙ ግን ልጁ ከአባቱ ሞት አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ተገኘ። እርስዎም አባት ከሞተበት ዓመት በኋላ የተወለደ ሁሉ ስህተት ነው፣ የልደቱ ዓመት ይታረም ብለው አዘዙ። 1952 ተብሎ ታረመ። የጻፈችው እጅ የእኔ ናት። ቀለሙ ሳይደርቅ ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፈች፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

በዚህ መልክ የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ሃያ ስድስት ሞላው፣ ስሙም ለብሔራዊ ውትድርና ከተመለመሉት ጋር ወጣ። እናቱ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ መጥታ፣ የጨመራችሁለትን አሥራ ሁለት ዓመት ማን አበላው ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ። በሦስቱም መዝገቦች ፈለግሁላት። ለዚህም ዓምድ አልተሰመረም።

3ኛ/ ስለ ቅደም ተከተሉ። አሮጌዎቹ ፋይሎች በትእዛዝዎ ቅዳሜ ይቃጠላሉ፤ ምልምሎቹ ሰኞ ይጫናሉ። የታሰበበት ነው። ማክሰኞ ልጁ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ የማሳየው ዕድሜው የደረሰ፣ በቁጥር የተያያዘ፣ ንጹሕ ረድፍ ይሆናል።

ዓምዶችዎ ሳይዛነፉ፣ ቁጥሮችዎም ሳይላቀቁ እንዲኖሩ ከልብ የምትመኝ፣ ትእዛዝዎን በገዛ እጇ የፈጸመች፣

አስካል ተገኝ
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
የምልምሎች ስም ዝርዝር በተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ለቅዳሜው እሳት ፋይሎቹን ስደረድር የእርስዎን ቤተሰብ ፋይል አገኘሁ። አባትዎ ሐምሌ 1934 አረፉ፤ እርስዎ ታኅሣሥ 1935 ተወለዱ። እናትዎ ያኔ ነፍሰ ጡር እንደነበሩ የሚመሰክረው በዓለም ላይ ይህ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። በመዝገቡ ሕግ ግን እርስዎ ስህተት ነዎት። ወረቀቱን ከኤርጎ ወረቀት ጋር አስሬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ሁለቱም ይቃጠሉ ወይስ ሁለቱም ይትረፉ፣ እስከ ቅዳሜ ጠዋት በጽሑፍ ይታዘዝልኝ።