ሁለት ጉንቮር ለአንዲት ደሴት

ይድረስ ለክቡር ሃልቫርድ ኒጎር
የሆልምቪክ ማዘጋጃ ቤት የመረጃ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በሐምሌው ዕረፍትዎ፣ ከባሕሩ ዳር ባለችው ጎጆዎ፣ ፀሐዩም ዓሣውም ቀንቶዎት እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሁለተኛዋ እኔ እንዴት እንደሰነበተች ግን ለእርስዎ ቢሮ ስለምትቀርብ ከዚያው ቢጠይቁልኝ ይሻላል። በስልክ አንተና አንቺ ስንባባል ከርመን ዛሬ በአንቱታ መጻፌ እንዳይገርምዎ፤ ይህን ያህል ተለምኖ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ያላለን ሰው አንተ ማለት ከበደኝ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔ በስቱሮይ ደሴት ከቤት ወደ ቤት እየዞርኩ አረጋውያንን የማስታምም ነርስ ነኝ። ደሴታችን ከሆልምቪክ ጋር በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ስትጠቃለል፣ የሠራተኞች መዝገብ በሁለት ሰርቨሮች፣ መዝገብ በሚያኖሩ ኮምፒውተሮች፣ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ አንዱ በከተማው፣ ሌላው እዚህ በአሮጌው ጽሕፈት ቤታችን ምድር ቤት። አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር እንዲይዙ ነበር የታሰበው። በየካቲቱ ማዕበል መስመሩ ተቋረጠ። በዚያው ቀን የደሴቷ ጸሐፊ ከነስልክ ቁጥሬና ከነበሽተኞቼ ዝርዝር መዘገበኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ የከተማው ሠራተኛ እሱ ጋ ስላጣኝ፣ በቅን ልቦና፣ ስሜን ብቻ ጽፎ ሌላ ጉንቮር ፈጠረ። መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ ሰርቨሮች ሁለት ጉንቮር ይዘው ተገናኙ። ሕጋቸው በኋላ የተጻፈውን ማክበር ነውና ስሜ ለባዶዋ ተሰጠ፤ እኔ ከስሜ ኋላ የፊደልና የቁጥር ጥልፍልፍ እንደ ጅራት ተቀጥሎልኝ ቀረሁ። አረጋውያኑ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን የጥሪ ቁልፍ ሲጫኑ በመዝገቡ የሚፈለገው ደግሞ ስሙ ነው፤ ጥሪው የሚሄደው ከስሙ ጋር ወደተጻፈው ስልክ ነው። ስሙ እሷ ጋ፣ ስልኩ እኔ ጋ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ረዳት ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ለዚህች ደሴት አንድ ነርስ ይጨመርልን ብለን ስንለምን በጀት የለም የተባልነው ስንት ዘመን ነው! እነሆ ያለ በጀት ተጨመረች። አትታመም፣ ዕረፍት አትጠይቅ፣ በሽተኛም አታይ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሁለተኛ፣ ደጋግሜ ስደውል ስላሳያችሁኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። ስልኩን ያነሳው ወጣት ከሁለቱ ጉንቮሮች አንዷን ከከተማው ሰርቨር ላይ ሰርዞ፣ "ይኸው፣ አሁን እኔ ጋ አንድ ብቻ ነሽ" አለኝ። እዚህ ግን አሁንም ሁለት ነኝ ብዬ ስነግረው፣ "እንግዲያው ችግሩ እናንተ ጋ ነዋ!" ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። መስመሩ ሲቆራረጥ ውሎ ሲመለስ የደሴቷ ሰርቨር የተሰረዘችውን መልሶ ላከለት። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። መጀመሪያ መስመሩ ይጠገን፣ ከዚያ ስልኬና በሽተኞቼ ስሙ ወዳለበት ይዛወሩ፣ ባለ ጅራቷ የምትሰረዘው በመጨረሻ ነው የሚለው የገዛ መመሪያችሁ ነው። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ብታነቡት ቀላል ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛ (የቤታችሁን ልማድ አክብሬ ይህንንም ሁለተኛ ብዬዋለሁ)፣ ስለ ሽማግሌው ቶርላይቭ። በሰኔ ወር ከጠዋቶቹ በአንዱ ኩሽናው ውስጥ ወደቀና ቁልፉን ተጫነ። ቁልፉ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት በራች፤ ጥሪዎ ደርሷል ማለት ነው። እሱም ደርሷል ከተባለ ደርሷል ብሎ፣ ሰው ላለማስቸገር ሳይጮኽ ተኝቶ ጠበቀ። እኔ በዚያች ሰዓት ጎረቤቱ ሲኖቨ ቤት የእግሯን ቁስል እያጠብኩ ነበር። ከመስኮቷ ጣራው ይታያል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ድምፅም አላሰማም። ሥራዬን ጨርሼ፣ ቡና ጠጥቼ፣ በበሩ አልፌ ሄድኩ። ወደ ማታ ሲኖቨ ጋዜጣው ከደጁ የፖስታ ሳጥን አለመነሣቱን አይታ ባትገባ ኖሮ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። አሁን በከተማው የአረጋውያን ማቆያ ነው፤ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ እሱም እኛም እናውቃለን።

በቃሬዛ ወደ ጀልባው ሲያስገቡት እጄን ያዘና፣ "ሁለት ሆነሻል ሲሉ ሰማሁ እኮ፤ ታዲያ ከሁለታችሁ አንዷ እንኳ ጠፋች?" አለኝ። መቀለዱ ነበር፤ እኔን ለማጽናናት። መሳቅ አቃተኝ። ጀልባው ከራቀ በኋላ ወደቡ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ሦስተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ስለታየው ትጋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም መጮኹ ራሱ አንድ ነገር ነው። ስብሰባ እንደተቀመጣችሁ ሰማሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ሐምሌ ደረሰ፣ በሐምሌም ለደብዳቤዬ የመለሰልኝ ሁሉም ዕረፍት ላይ ነው የሚለው ራሱን በራሱ የሚልክ መልእክት ነበር። ትናንት ግን፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ፣ በፊርማዎ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ ድርብ ስሞች ተወግደዋል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ክቡር ሆይ፣ ደክሞኛል። ይቅርታ ይጠየቀኝ አላልኩም፤ ሰውም እንዲቀጣ አልፈልግም። አንድ ሰው ወድቆ ቁልፉን ሲጫን ስልኬ እንዲጮኽ ብቻ ነው የምፈልገው።

ለከፍተኛ ቢሮዎ ያለኝን ክብር ባለችኝ ጉልበት ሁሉ እየገለጽኩ፣ ከእንግዲህ ነጠላ ሆኜ የምቀር መሆኔን በደብዳቤዎ በመረዳቴ እየተጽናናሁ፣

ታዛዥዎ
ጉንቮር ስካርሆልም፣ ከነጅራቷ
ስቱሮይ ደሴት

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ዛሬ ጠዋት የቶርላይቭን አበቦች ላጠጣ ቤቱ ገባሁ። የጥሪ ቁልፉ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የደብዳቤዎን እውነትነት ልፈትን ብዬ ተጫንኩት። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ስልኬን በእጄ ይዤ እሱ የወደቀበት ወለል ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ለካ የሰረዛችሁት ስልኩ ያለኝን እኔን፣ ባለ ጅራቷን ኖሯል። የቀረችውን ጉንቮር ሲያገኟት እንግዲህ፣ ሲኖቨም እንደ ቶርላይቭ አንገቷ ላይ የጥሪ ቁልፍ እንዳላት፣ ቤቷም ከእሱ ቤት ቀጥሎ ያለው ቀዩ መሆኑን ይንገሩልኝ፤ መንገዱን አታውቀውም።