አባዬ ስልክ ላይ ማውራት ጀመረ

ይድረስ ለእህቴ ለግራኒያ፣ ፐርዝ፣ አውስትራሊያ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? እዚህ ባሊና ከተማ እኔ፣ አባዬና ውሻው ደህና ነን።

አባዬ ስልክ አንስቶ «ቆይ እናትሽን ልስጥሽ» ከማለት ሌላ ተናግሮ ያውቃል? ባለፈው እሑድ ግን ስለ ዝናቡ አሥራ አንድ ደቂቃ አወራሽ። አልገረመሽም? ስለ እማዬ ስትጠይቂው «ገላዋን እየታጠበች ነው» አለሽ። ይኸው ሦስተኛ እሑዷ ነው፤ በአየርላንድ እንደ እሷ የጸዳ ሰው የለም።

ደግሞ ልብስ መተኮስ ተምሯል። የእማዬን አንዱን የሌሊት ልብስ አቃጠለው፤ የተረፉትን በየማክሰኞው አጣጥፎ በአውቶቡስ ካስልባር ሆስፒታል ድረስ ይወስድላታል።

አክስቴ ብሪጅ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ለግራኒያ በስልክ ትንፍሽ እንዳትል፤ መጀመሪያ ፈተናዋን ትጨርስ» አሉኝ።

«አጭር መልእክትስ ብልክላት?»

«ሞክራትና ጣትህን እቆርጠዋለሁ።»

ስለ ወረቀት ግን ማንም አልተናገረም። ቴምብሩንም ያገኘሁት ከራሳቸው መሳቢያ ነው።

እሑድ ስትደውዪ ስለ ዝናቡ አትጠይቂው። «እናቴን ስጠኝ፤ ታጥባ እስክትወጣ እጠብቃለሁ» በይው። ዝም ቢልሽም ስልኩን እንዳትዘጊ።

ከእኔ፣ ከአባዬና ከውሻው ሰላምታ ይድረስሽ።

ጣቱ ገና ያልተቆረጠው ወንድምሽ፣
ፊያክራ