በመስኮቱ ሥር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ሰውነትሽ እንዴት ሰነበተ? እህል ይገባልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባልሽ በደወለ ቁጥር ደህና ናት ይለናል፤ ድምፁ ግን ሌላ ስለሚናገር አላምነውም። እኛ ከአባትሽ ጉልበት በቀር ደህና ነን። ጉልበቱም ቢሆን አልባሰበትም፤ አውቶቡስ መንዳት ካቆመ ወዲህ የሚያስታምምበት ጊዜ ስላገኘ ነው።

ከሐኪም ቤት ስትወጪ እኛ ጋ እንደምታርፊ ስንሰማ ደስ አለን። ወዲያው ግን ክፍሉ ትዝ አለኝ። ያዘጋጀነው ለሁለታችሁ፣ ለአንቺና ለሕፃኗ ነበር። አናጢው ጎረቤታችን የሠራት አልጋ እስከ ዛሬ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ትንሿ ሳትተኛባት ቀረች። ሌላው ግድግዳ ባዶ ስለሆነ፣ በሩን የከፈተ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እሷው ላይ ነው። እዚያ ክፍል መግባት አቅቶሽ ከበራችን እንዳትመለሺ ፈራሁ።

የስፌት ሥራ ቀዝቅዟልና ለክፍሉ ማስጌጫ አዲስ ነገር ልገዛልሽ አልቻልኩም። ወቅቱ ዛፎቹ የሚራቆቱበት ስለሆነ ዘንቢሌን ይዤ ቅጠል ለቀማ ወጣሁ። የመንገድ ጠራጊዋ አይታኝ ሥራዋን ልቀማት መጥቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገሩን ስነግራት መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ ያልተቀደደውን እየመረጠች አብራኝ ለቀመች።

ርጥቡን በካውያ ልጠፍጥፈው ብዬ ጠቆረብኝ፤ ቤቱም ጭስ ጭስ አለ። ከዚያ በአሮጌ ጋዜጣ መሃል ደርድሬ ፍራሻችን ሥር አስገባሁት። አባትሽ በተገላበጠ ቁጥር ሲንኮሻኮሽበት፣ ከመቼ ወዲህ ነው ጫካ ውስጥ የምንተኛው እያለ ሲነጫነጭ ከረመ። ሲደርቅ ደግሞ እጄ የለመደው መኪና ነውና በስፌት መኪናው ላያይዘው ሞከርኩ። መርፌው ገና ሲነካው ብትንትን አለ። የቀረውን በእጄ፣ ጭራ ጭራውን እየወጋሁ በወፍራም ክር አያያዝኩትና መስኮቱ ዙሪያ ሰቀልኩት። የማር ጠርሙሶቹን አጥቤ የደረቀ ሣር አቆምኩባቸው። በሳህን ያኖርኩት የጥድ ፍሬ ክፍሉ ሲሞቅ ቋ እያለ ይከፈታል፤ ስትሰሚው እንዳትደነግጪ።

በመጨረሻ ከቁርጥራጭ ከረጢቴ ቢጫ ጨርቅ አውጥቼ ለትራስሽ ልብስ ሰፋሁ። አባትሽ ገብቶ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ለካ የትንሿ ብርድ ልብስ ትራፊ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ በገዛ እጄ የቆረጥኩትን ጨርቅ ሳላውቀው ቀረሁ። ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ። እሱም አልጋዋም ትውጣ፣ ሁሉም ይውጣ፣ ልጄ ስትገባ ምንም አታግኝ አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ እለው ነበር። ያን ዕለት ግን አፌ አልታዘዘኝም።

“እኔ ከሐኪም ቤት ባዶ እጄን ስመለስ ክፍሉ ተጠርጎ ነው የጠበቀኝ” አልኩት። “አቅፌ የማለቅስባት አንዲት ጨርቅ እንኳ አላስቀራችሁልኝም።”

ያኔ አንቺ ገና አልተወለድሽም፤ ታላቅ ወንድምሽን ያጣን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን እኔም አላነሳሁትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። አባትሽ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ ክፍሉን ያስጠረገችው እናቱ እንደሆነች፣ እሷም ለደግ ብላ እንዳደረገችው ነገረኝ። አውቃለሁ አልኩት። በእውነትም አውቃለሁ፤ አልተቀየምኳትም። ቢሆንም ያ ባዶ ወለል እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልወጣም።

ስለዚህ የኔ እናት፣ እንዲህ አድርገናል። ትራሱን መልሼ ሰፋሁት። አልጋዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም፤ ብቻዋን ቆማ እንዳታዪያት ብዬ ነው ዙሪያዋን ያለበስኩት። ትውጣ ካልሽ አባትሽ ያወጣታል፤ ትቆይ ካልሽ ማንም አይነካትም። ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ፤ አይዞሽ በቃሽ የሚልሽ ሰው በዚህ ቤት የለም። ስሟንም አውጥተሽላት ከሆነ ንገሪን፤ በስሟ እንጠራታለን። እኔ የወንድምሽን ስም ጮክ ብዬ ሳልጠራው ይኸው ፀጉሬ ሸበተ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ይመልስልሽ፤ ባልሽንም ያጽናልሽ፤ መንገዱን ያቅናላችሁ። በሩ አይቆለፍም።

ከአንቺ በፊትም እናት የነበርኩት፣
እናትሽ