ከበሩ ሥር የረገፉት ንቦች

ንጆኪ፣

የማታቱ ታክሲው እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። ዶሮዎቹን እንዳትለቂያቸው፤ ከፊት ለፊቱ በር አጠገብ ካለው የራስ ክምር አበባ ሥር የረገፉትን ንቦች ይለቅማሉ።

የላም መዥገር መድኃኒት አበባ ላይ ይረጫል? ሁለት ዓመት ውሃ ያጠጣሁት ተክል ላይ! ያውም ኡጋሊ በምናገነፋበት ድስት በጥብጠሽ! ድስቱን ጥዬዋለሁ።

«እሁድ የማኅበር ሴቶች ሲመጡ ንብ እንዳይነድፋቸው ብዬ ነው» አልሽ። ንፍሮ በልተው ለሚሄዱ ሴቶች!

እርግጥ «ንቦቹን አንድ በያቸው» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሴቶቹን በጓሮ በር አስገቢያቸው ማለቴ ነበር።

የፊት ለፊቱ በረንዳ ላይ ያለውን የወፍ ጎጆ እንዳትነኪ። አበባውን ስትቀስም የነበረችውን እናቲቱን ራስ ክምሩ ሥር ደርቃ አገኘኋት። ጫጩቶቹ ግን ኮቴ በሰሙ ቁጥር እሷ የመጣች እየመሰላቸው አፋቸውን ይከፍታሉ።

አንቺ ግን እያየሻቸው በፊት ለፊቱ በር ግቢ።

ጋቶኒ